የጥንቱ ረኃብና የዘመኑ ጥጋብ በአንድ ሥጋ ውስጥ
(በሪያድ ከተማ ለሚኖሩ ኢትዮጵያውያን የተደረገ የሕዝብ ትምህርት ንግግር)



በዚህች ከተማ የሚኖር ኢትዮጵያዊ ሁሉ፣ ክርስቲያንም ቢሆን ሙስሊም፣ የቤት ሠራተኛም ቢሆን ሾፌር ወይም ነጋዴ፣ በየቀኑ በዐይኑ የሚያየው አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም ከሦስትና ከአራት ትውልድ በፊት በተምርና በግመል ወተት ዓመቱን ይገፋ የነበረ ሕዝብ ዛሬ ከጥጋብ በሚመጣ ደዌ መያዙ፣ እኛም ራሳችን ከወሎና ከጅማ፣ ከሐረርጌና ከትግራይ ቀጥነን መጥተን ሁለትና ሦስት ዓመት ሳይሞላን ይዘነው የመጣነው ልብስ አልገባን ማለቱ ነው። ስለዚህ ነገር ከሰው አፍ የሚሰማው ፍርድ ብዙውን ጊዜ አንድ ብቻ ነው፤ «ሆዳም ነው፣ ሰነፍ ነው፣ ራሱን መግዛት ያልቻለ ነው» የሚል። እኔ ዛሬ በፊታችሁ የቆምሁት ይህ ፍርድ ከእውነት የራቀና በብዙ ንጹሓን ላይ የተጫነ ቀንበር መሆኑን፣ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ከጠባይ ጉድለት ይልቅ ከጥንት ከወረስነው የሥጋ ሥርዓትና አሁን ካለንበት ኑሮ አለመስማማት የሚወለድ መሆኑን ላስረዳችሁ ነው። በንግግሬ ውስጥ ‹ዓ.ም.› ብዬ ያልለየኋቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ይህን የጥንት ውርስ የሚያስረዳው፣ ዝግመተ ለውጥ የሚባለው ትምህርት ሲነሣ ከእናንተ መካከል ልቡ የሚጠራጠር እንደሚኖር ዐውቃለሁ። ሆኖም ፈጣሪ ሰውን ከአፈር አበጀው ብሎ የሚያምን ሰው፣ ያ አፈር በስንት ዘመንና በምን ሥርዓት እንደ ተበጀ ከአፈሩ ከራሱ ቢጠይቅ ከእምነቱ የሚጐድል ነገር ያለ አይመስለኝም፤ ይህንንም ለሚጠይቅ ሰው የአገራችንን መሬት ያህል አብዝቶ የመለሰ መሬት ጥቂት ነው። ኅዳር 15 ቀን 1967 ዓ.ም. በአፋር ምድር፣ ሐዳር በተባለው ስፍራ የተገኘችው ድንቅነሽ 3.2 ሚሊዮን ዓመት ያህል ያስቈጠረች፣ ቁመቷ ከ1 ሜትር ከ10 ሳንቲ ሜትር እምብዛም የማይበልጥ፣ በሁለት እግሯ ቀጥ ብላ የምትሄድ ፍጥረት ነበረች፤ የአንጐሏ መጠን ግን ከቺምፓንዚ አንጐል ብዙም አይለይም ነበር። ከእርሷ አገር ብዙም ሳይርቅ፣ በጎና፣ 2.6 ሚሊዮን ዓመት ያስቈጠሩ የድንጋይ መሣሪያዎች ሲገኙ፣ በቡሪ ደግሞ ከዚያ ጥቂት በሚያንስ ዘመን በድንጋይ ስለት የተፋቀ የእንስሳ ዐጥንት ተገኘ፤ ይህም ሥጋና መቅኔ ወደ ሰው ወገን ማዕድ መግባታቸውን የሚያስረዳ ነው። ዶክተር ብርሃነ አስፋውና ባልደረቦቻቸው በ2003 ለዓለም ያስታወቁት የኸርቶ ሰው ደግሞ 160 ሺህ ዓመት ገደማ ሲሆነው፣ የራስ ቅሉ 1,450 ሚሊ ሊትር የሚይዝ፣ ከእኛ ከዛሬዎቹ አማካይ መጠን እንኳ በለጥ ያለ ነበር።

ከድንቅነሽ እስከ ኸርቶ ሰው ድረስ ባለው ረጅም ዘመን አንጐል ከሦስት እጥፍ በላይ አደገ ማለት ነው፤ ይህ ዕድገት ግን ያለ ዋጋ አልመጣም። አንጐል ከሰውነታችን ክብደት ከመቶ 2 እጅ ያህል ብቻ ሆኖ ሳለ፣ ሥጋችን ዐርፎ ሳለ ከሚያወጣው ኃይል ከመቶ 20 እጅ ያህሉን ብቻውን ይበላል፤ ገና በተወለደ ሕፃን ዘንድ ደግሞ ከግማሽ በላዩን ይወስዳል። አዳኝ ሳያገኝ የሚመለስበት፣ ዝናብም የሚዘገይበት ቀን ብዙ ነውና፣ አንድ ቀን እንኳ ሥራውን ሊያቋርጥ የማይችለው ይህ ብልት ቀለቡን የሚያገኘው ከየት ነው? ሥጋ ለዚህ ጥያቄ ያገኘው መልስ ስብ ነው። የሰው ልጅ ሲወለድ ከክብደቱ ከመቶ 15 እጅ ያህሉ ስብ ነው፤ ከጡት አጥቢዎች ሁሉ በዚህ ረገድ የሚስተካከለው ጥቂት ነው፤ የቺምፓንዚ ግልገል ግን ቆዳውና ዐጥንቱ ተጣብቆ ይወለዳል። እናቶቻችን ሕፃን ዐቅፈው ጉንጩንና ጭኑን እየነኩ ደስ ሲላቸው፣ የሚነኩት ነገር ወተት ቢጐድልና ተቅማጥ ቢመጣ ያን ትንሽ አንጐል የሚያቈየው ስንቅ ነው።

ስብም ለስንቅነት የተመረጠው ያለ ምክንያት አይደለም። አንድ ግራም ስብ 9 ካሎሪ ሲይዝ አንድ ግራም ስኳር ወይም ስታርች 4 ብቻ ይይዛል፤ ሰውነት ስታርችን ሲያከማችም ሦስትና አራት እጥፍ ውሃ አብሮ መሸከም ግድ ይሆንበታል። ከዚህ የተነሣ በአካሉ 12 ኪሎ ስብ ያለው ቀጠን ያለ ጎልማሳ ከአንድ ወር በላይ የሚያኖረውን ቀለብ ሳይከብደው ይዞ ይዞራል፤ ገበሬ ለክረምት ጎተራውን እንደሚሞላ፣ ሥጋም በደኅናው ቀን የተገኘውን ሁሉ ሳያባክን ያስገባል። ልዩነቱ የገበሬው ጎተራ አፍ ያለውና ሲሞላ የሚከደን ሲሆን፣ የሥጋችን ጎተራ ግን ክዳን ያልተበጀለት መሆኑ ነው፤ ባለፉት ሺህ ሺህ ዓመታት ሞልቶ የሚተርፍበት ቀን እምብዛም አልነበረምና።

አሁን ከአፋር ወደዚህ ወደ ዐረብ ምድር እንሻገር። በ2018 ሊቃውንት ከዚህች ከተማ በስተ ሰሜን ምዕራብ፣ በነፉድ በረሃ፣ አል ዉስጣ በተባለ ስፍራ የተገኘ የአንድ ሰው የጣት ዐጥንት ቢያንስ 85 ሺህ ዓመት ያስቈጠረ መሆኑን አስታወቁ። ስፍራው ዛሬ አሸዋ ቢሆንም በዚያን ጊዜ ሐይቅና የሣር ሜዳ ነበር፤ ሰውም ከአፍሪካ ወጥቶ አውሬ ተከትሎ ደርሶበታል። ዝናቡ ሲሸሽና አሸዋው ሲገሠግሥ ግን በዚህች ምድር ላይ መኖር የቻለው ጥቂቱን አብቃቅቶ የሚያድር ሰው ብቻ ሆነ። ይህን ኑሮ በዐይናቸው አይተው ከጻፉት ሰዎች አንዱ በ1910 በአዲስ አበባ፣ በእንግሊዝ ሌጋሲዮን የተወለደው እንግሊዛዊ ተጓዥ ዊልፍሬድ ቴሲጀር ነው። ይህ ሰው በ1933 እና በ1934 የአዋሽን ወንዝ ተከትሎ በአፋር በረሃ እስከ አቤ ሐይቅ ድረስ ሄደ፤ ድንቅነሽ ከአርባ ዓመት በኋላ የምትገኝበትን ወረዳ ሳያውቅ በአጠገቡ አለፈ ማለት ነው። ከዚያም በ1946 እና በ1948 መካከል ከበደዊን ወገኖች ጋራ ሩብዕ አል ኻሊ የተባለውን ሰው አልባ በረሃ ሁለት ጊዜ አቋረጠ። የጻፈውን ያነበበ ሰው፣ እነዚያ በደዊን በቀን አንዲት ጊዜ በእፍኝ ዱቄት ቂጣ ጋግረው የሚያድሩ፣ ውሃ ሲጐድል ወተት፣ ወተት ሲጐድል ትዕግሥት የሚጠጡ፣ እንግዳ ሲመጣ ግን ያላቸውን ሁሉ አቅርበው እነርሱ ጦማቸውን የሚያድሩ ሰዎች እንደ ነበሩ ይረዳል። የእነዚያ ሰዎች የልጅ ልጆች ናቸው ዛሬ በሪያድ ሰፋፊ መንገዶች ላይ መኪና የሚነዱት፤ ሥጋቸው የአያቶቻቸው ሥጋ ነው፤ የተለወጠው ማዕዱ ነው።

በ2013 በመላው ሳዑዲ ዐረቢያ ዕድሜያቸው ከ15 ዓመት በላይ የሆነ ከ10 ሺህ የሚበልጡ ሰዎች ሲመረመሩ፣ ከመቶ 28.7 እጅ ያህሉ ከመጠን ያለፈ ውፍረት ያለባቸው ሆነው ተገኙ፤ ከወንዶች 24.1፣ ከሴቶች 33.5 እጅ። ይህ ሁሉ የሆነው ለንግድ የበቃው የመጀመሪያው የነዳጅ ጉድጓድ በዳማም በ1938 ከፈለቀ ሰማንያ ዓመት ሳይሞላ ነው። በሰማንያ ዓመት ውስጥ የሕዝብ ጠባይ ከትዕግሥት ወደ ስስት ተለወጠ የሚል ሰው ቢኖር፣ እኔ አላምነውም።

ጄምስ ኒል የተባለው አሜሪካዊ የዘር ሊቅ በ1962 ለዚህ ነገር አንድ ሐሳብ አቅርቦ ነበር፤ ረኃብ በተደጋገመበት ዘመን ስብን ፈጥኖ የሚያከማች ሰው ተርፎ ዘር ሲተካ፣ የማያከማች ግን አለቀ፤ እንግዲህ እኛ የቈጣቢዎቹ ልጆች ነን፤ በጥጋብ ዘመን ደግሞ ያው ቍጠባ በሽታ ሆነብን የሚል ነው። ሐሳቡ ያማረ ነው፤ ነገር ግን እንግሊዛዊው ጆን ስፒክማን የመሰሉ ሊቃውንት እንዲህ ቢሆን ኖሮ ዛሬ ሁላችንም በወፈርን ነበር፣ በረኃብ ዘመን የሚሞተውም በአብዛኛው በወረርሽኝ የሚያልቀው ሕፃንና ሽማግሌ እንጂ ቀጭኑ ጎልማሳ አይደለም ብለው ተከራከሩት። እኔ ክርክሩን ስመዝነው የኒል ሐሳብ በሞት ረገድ ደካማ፣ በልደት ረገድ ግን ጠንካራ ሆኖ ይታየኛል፤ ክፉ ቀን የተባለውን የረኃብ ዘመን ታሪክ ከአያቶቹ የሰማ ኢትዮጵያዊ ሁሉ እንደሚያውቀው፣ ረኃብ በሰፈር ሲገባ የቀብሩ ብዛት ብቻ ሳይሆን የክርስትናው መቋረጥም ይታያል። የከሳች ሴት የወር አበባዋ ይቀራል፤ ስንቅ በአካሏ ያላት ግን ታረግዛለች፣ ታጠባለች። ትውልድን የሚያሻግረው ይህ ነው።

ይህን ቍጠባ የሚመራው ሥርዓት በዘመናችን ተገልጦአል። በ1994 ጄፍሪ ፍሪድማንና ባልደረቦቹ ሌፕቲን የተባለውን ሆርሞን አገኙ፤ ስብ ራሱ የሚያመነጨውና በደም ተጉዞ ስንቁ ምን ያህል እንደ ሆነ ለአንጐል የሚናገር ነው። ሰው ሲከሳ ሌፕቲን ይቀንሳል፤ አንጐልም ይህን እንደ ረኃብ አዋጅ ተቀብሎ ምኞተ መብልን ያበረታል፣ የሚወጣውንም ኃይል ይቈጥባል። ሰው ሲወፍር ግን ሌፕቲን ቢበዛም አንጐል ያን ያህል አይሰማውም። በኃይል ከስቶ በዓመቱ የቀድሞውን ክብደት መልሶ ያገኘ ሰው ስታዩ እንግዲህ «ቃሉን አልጠበቀም» አትበሉት፤ ቃሉን ሲጠብቅ የነበረው ሥጋው ነው፤ የረኃብ ዘመን የመጣ መስሎት።

አሁን ወደ ራሳችን ልምጣ፤ ከሁሉ አብልጬ ልናገረው የፈለግሁት ይህ ነውና። በዐረብ ቤት የሚሠሩ እኅቶቻችን ደጋግመው የሚጠይቁኝ ጥያቄ አለ፤ «ከጧት እስከ እኩለ ሌሊት ቆሜ እውላለሁ፤ ደረጃ ስወጣ ስወርድ፣ ምንጣፍ ስጠርግ እመሻለሁ፤ ታዲያ ለምን ወፈርሁ?» ይላሉ። ጥያቄው ብዙ ሐኪሞችን የሚያስቸግር ነው፤ ምክንያቱም ዓለም ሁሉ ውፍረትን ከመቀመጥ ጋራ ሲያያይዘው ኖሮአል። መልሱ የመጣው ከምሥራቅ አፍሪካ፣ ከታንዛኒያ ነው። ኸርማን ፖንትዘር የተባለው ሊቅና ባልደረቦቹ አድነውና ፍሬ ለቅመው የሚኖሩትን የሐድዛ ሰዎች ምልክት የተደረገበት ውሃ አጠጥተው በቀን የሚያወጡትን ኃይል ለኩ፤ በ2012 ውጤቱን ሲያስታውቁ፣ ቀኑን ሙሉ ሲራመዱ የሚውሉት ሐድዛዎች የአካላቸው መጠን ሲታሰብ በአሜሪካ ከተማ በወንበር ላይ ከሚውለው ሰው የበለጠ ኃይል የማያወጡ ሆነው ተገኙ። ሥጋ ብዙ በተንቀሳቀሰ ጊዜ በሌላው በኩል ይቈጥባልና። ድካም ለልብ፣ ለጅማትና ለደም ሥር ጥቅም አለው፤ የማዕዱን ትርፍ ግን ብቻውን አያጠፋም።

እንግዲህ የእኅታችንን ማዕድ እንመልከት። በረመዳን ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ የአሠሪዋ የማዳም ቤተ ዘመድ ከሳሎን ይነሣል፤ ሰፊው ትሪ ወደ ማድ ቤት ይመለሳል፤ በላዩም ግማሹ ካብሳ፣ በዘይት የተጠበሰ ሳንቡሳ፣ በሽሮፕ የተነከረ ሉቀይማት፣ ሳይጠጣ የቀረ ቪምቶ አለ። እርሷ ከማጠቢያው አጠገብ እንደ ቆመች፣ ሳሕኑን ከማጠቧ በፊት፣ ምግብ መድፋት ነውር ነው ተብላ ያደገች ናትና ከትሪው ጠርዝ ሩዙን በእጇ እየሰበሰበች ትበላለች፤ የዕለቱ ዋነኛ ምግቧ ይህ ነው። ተኝታ የምትነሣው ከጥቂት ሰዓት በኋላ ነው። በሺካጎ ዩኒቨርሲቲ 12 ወጣት ወንዶች ለሁለት ሌሊት 4 ሰዓት ብቻ እንዲተኙ በተደረገ ጊዜ፣ በ2004 እንደ ተገለጠው፣ የሌፕቲን መጠናቸው ከመቶ 18 እጅ ሲቀንስ፣ ረኃብን የሚያነሣሣው ግሬሊን የተባለው ሆርሞን ከመቶ 28 እጅ ጨመረ፤ ምኞታቸውም ወደ ጣፋጭና ወደ ስታርች አዘነበለ። ይህች ሴት ሆዳም አይደለችም። እንቅልፍ የተነፈገች፣ ጊዜውንና ዐይነቱን ያልመረጠችውን ምግብ የምትበላ፣ ከናፍቆትና ከብቸኝነት ጋራ የምታድር ሠራተኛ ናት፤ ይህን ሁሉ አልፋ ለፈቃድ ወደ አገር ስትገባ ደግሞ ዘመድ በቦሌ አውሮፕላን ማረፊያ አቅፎ «ተመችቶሻል፣ ወዝቷል ፊትሽ» ይላታል፤ ስለ ደሟ ስኳር የሚጠይቃት የለም።

ማዕዱ ምን ያህል ኃይለኛ እንደ ሆነ ኬቪን ሆል የተባለው ሊቅ በ2019 ባወጣው ጥናት ይታያል። 20 ሰዎች ለሁለት ሳምንት በፋብሪካ የተቀነባበረ ምግብ፣ ለሁለት ሳምንት ደግሞ በቤት ወግ የተሰናዳ ምግብ እስኪበቃቸው እንዲበሉ ተፈቀደላቸው፤ የሁለቱም ምግብ ስኳር፣ ስብና ጨው በልክ የተመጣጠነ ነበር፤ ነገር ግን በፋብሪካው ምግብ ሳምንት በየቀኑ 500 ካሎሪ ያህል አብልጠው በሉ። ማንም አላስገደዳቸውም። ምግቡ የለሰለሰ፣ ፈጥኖ የሚዋጥ ነውና፣ አንጐል በቃኝ ከማለቱ በፊት አልፎ ይሄዳል። አንዲት የለስላሳ ቆርቆሮ ከ30 ግራም በላይ ስኳር ይዛ በአንድ ትንፋሽ ስትጠጣ፣ አባቶቻችን ማር ለማግኘት የንብ ንድፊያ ይታገሡ ነበር።

የከተማይቱም አሠራር ድርሻ አለው። ሪያድ እስከ 1950 ገደማ በጭቃ ግንብ የተከበበች፣ ከመስማክ ግንብ እስከ ገበያው በእግር የሚደረስባት ትንሽ ከተማ ነበረች፤ ግሪካዊው መሐንዲስ ዶክሲያዲስ ከ1968 ጀምሮ በነደፈው ዕቅድ ግን ሁለት ሁለት ኪሎ ሜትር በሚሆኑ አራት ማዕዘኖች ተከፍላ በአውራ ጎዳና ተቈራረጠች። በበጋ ከ45 ዲግሪ በላይ በሚደርስ ሙቀት ያን ጎዳና በእግሩ አቋርጦ ዳቦ ሊገዛ የሚሄድ ማን ነው? ዛሬ 7 ሚሊዮን ያህል ሰው ይኖርባታል። መንግሥቱ ግን ነገሩን ቸል አላለውም፤ ከሰኔ 2017 ጀምሮ በለስላሳ መጠጥ ላይ ከመቶ 50፣ ኃይል ሰጪ በሚባለው ላይ ከመቶ 100 እጅ ቀረጥ ጣለ፤ ከ2019 መባቻ ወዲህ ምግብ ቤቶች የእያንዳንዱን ምግብ ካሎሪ እንዲጽፉ አዘዘ፤ በመንግሥት ትምህርት ቤቶች ለሴቶች ልጆች የስፖርት ትምህርት ፈቀደ፤ በታኅሣሥ 2024 መባቻም የሪያድ ሜትሮ ሥራ ጀመረ። ከነዚህ ሁሉ ለእኔ የሚበልጥብኝ ቀረጡ ነው፤ ሰውን ከመምከር ይልቅ ፈተናውን ከመንገዱ ያርቃልና።

አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ኅሊናዬ አይፈቅድልኝም። በ1944 ክረምት በሆላንድ በደረሰው ረኃብ፣ እናታቸው በእርግዝናዋ መጀመሪያ ወራት የተራበችባቸው ልጆች ካደጉ በኋላ ከእኩዮቻቸው ይልቅ ለውፍረት የተጋለጡ ሆነው ተገኝተዋል፤ በማኅፀን ሳለ ዓለም ረኃብ እንደ ሆነ የተማረ ሥጋ ትምህርቱን አይረሳውምና። ሆላንድ የተራበችው ጥቂት ወራት ነበር። በ1977 ዓ.ም. በኮረምና በቆቦ በተኮለኰሉት እናቶች ማኅፀን የነበሩት ልጆች ዛሬ አርባ ዓመት አልፎአቸዋል፤ ከእነርሱ ጥቂት የማይባሉ ቀይ ባሕርን ተሻግረው በዚህች አገር በጉልበት ሥራ ላይ ይገኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች የስኳርና የደም ግፊት ምርመራ ቅንጦት አይደለም።

ጾምን በተመለከተ፣ የክርስቲያኑም የሙስሊሙም ሥርዓት ሥጋ ከጥንት የሚያውቀውን ጊዜያዊ መጐደል የሚመስል በመሆኑ አልነቅፈውም፤ ነገር ግን ከጾሙ ቀጥሎ የሚመጣው ማዕድ በዘይትና በስኳር የተጥለቀለቀ እንደ ሆነ፣ ለነፍስ የተደረገው ትሩፋት ለሥጋ አይተርፍም። ሽሮና ምስር፣ ጐመንና ቆሎ ዛሬም በሪያድ በመንፉሃ ሰፈር ሱቆች ይገኛሉ፤ በዓርብ ዕለት በምንሰባሰብባቸው ቤቶች የምናቀርበው ግን ሩዝ፣ ዶሮ ብሮስትና ባለ ሁለት ሊትር ፔፕሲ ነው። ሻይ ሲቀዳ በአንዲት ትንሽ ብርጭቆ ሦስት ማንኪያ ስኳር የሚጨምር ሰው፣ ማንኪያውን በየሁለት ሳምንቱ አንድ አንድ ቢቀንስ ምላሱ እየለመደው ይሄዳል። ከአርባ ዓመት በላይ የሆነ፣ ወይም ወገቡ ከዳሌው ይልቅ የሰፋበት፣ ወይም ሌሊት ለሽንት ደጋግሞ የሚነሣ ሰው፣ የደሙን ስኳር ያስለካ፤ ይህም በመድኃኒት ቤት በጣት ጫፍ በምትወጣ አንዲት የደም ጠብታ የሚፈጸም ነው፤ ውጤቱም ከልክ ያለፈ ቢሆን ሐኪም ዘንድ ይቅረብ። ከቤት ለመውጣት ፈቃድ የሌላት እኅት ያለቻችሁ ደግሞ፣ በስልክ ስትጠይቋት የወር ደመወዟን ብቻ አትጠይቋት፤ ስንት ሰዓት እንደምትተኛና ምን እንደምትበላ ጠይቋት፤ ስትወፍርም አትሳቁባት።